ሁለተኛ ደረጃ

ሃያ ሁለት ዓመት፣ ከቦርከና ማዶ፣
ይሠራ ነበረ አውራ ጣቴ ማልዶ።
ዓይንማ ይስታል፣ መብራት ያሳስተዋል፤
ጣቴ ግን ጨርቁን ነክቶ ስሙን ይጠራዋል።
የትኛው ድር ላልቷል፣ የት ላይ ማግ ተዘሏል፣
ዓይን ሳይደርስበት ለጠመኔው ነግሯል፤
ነጭ ለአንደኛ ደረጃ፣ ሰማያዊ ለሁለተኛ፣
ለሦስተኛው ምንም፤ እሱ መወልወያ ነው፣ አለዚያም ለእኛ።

አሁን ጡረታ ነኝ። ነጃት ልትዳር ነው፤
የሙሽራ አንሶላ ከየት ነው የሚገዛው?
ስልኳን ደገፍ አርጋ ስኳር ጣሳው ላይ፣
ሦስት ሱቅ ደርድራ፣ «አባ፣ ና እስቲ እይ!»

የመጀመሪያው ሱቅ ዋጋውን አይናገር፤
«በውስጥ መስመር» ይላል፣ እንደ ድብቅ ነገር።
ጠይቀን፣ ጠብቀን፣ ሲመሽ መልስ መጣ፤
«ሰላም ውዴ» ይላል። ደሜ ፊቴ ላይ ወጣ!
በስድሳ አራት ዓመቴ፣ እንኳንስ ባለ ሱቅ፣
የነጃት እናትም ውዴ ብላ አታውቅ።

ሁለተኛው ርካሽ ነው፤ ርካሽነቱ ያስፈራል፤
አንሶላው በፎቶ እንደ መስታወት ያበራል።
ጥጥ እንዲያ አያበራም። ጥጥ ብርሃን ይጠጣል፤
የሚያበራው ሌላ ነው፣ ሲተኙበት ይንሿሿል።

ሦስተኛው ይለያል፦ «ከቱርክ የመጣ ጥጥ፣
አምስት ኮከብ ያለው፣ ታጥቦ የማይለወጥ፣
ክፍለ ሀገር እንልካለን፣ በቴሌብር ይክፈሉ፤
የቀሩን አራት ናቸው፣ ቶሎ ቶሎ በሉ!»
ትናንትም አራት ነበሩ።
ከትናንት ወዲያም።

የኔ ምርጫ ሌላ ነው፦ በሚኒባስ ሐረጎን ልውጣ፣
የደሴን ጭጋግ ሰንጥቄ ሰኞ ገበያ ልግባ፣
እንድሪስ ጋ ልቀመጥ፣ ጥቅሉን ይዘርጋልኝ፣
ልንካው፣ ላሽትተው፣ ጫፍና ጫፉን ልጎትተው፤
ዋጋ ይጥራ፣ ልሣቅ፤ ልነሣ፣ ይጥራኝ፤
ደግሜ ልነሣ፣ አሁን አይጥራኝ፣
እኔው ልመለስ አፍሬ።
ግዢ ለኔ ይህ ነበር፤ ግማሹ ዕቃ፣ ግማሹ ወሬ።

«አባ» አለች ነጃት፣ «እንድሪስም እኮ ቻናል ከፍቷል።
ዋጋው በውስጥ መስመር ነው።»
ዝም አልኩ።
ሦስተኛውን አዘዝን።

በአራተኛው ቀን መናኸሪያ ቆምኩ።
ረዳቱ ከአውቶቡሱ ሆድ ፌስታል ጎትቶ፣
«ይመር! ኮምቦልቻ!» ብሎ ወረወረልኝ፤
«ሃምሳ ብር ጨምር፣ የመጫኛ» አለኝ።

ቤት ገባሁ። እጄን ታጠብኩ፣ ጣቴን አደረቅሁ፣
ልክ እንደ ፈረቃ መግቢያ ሰዓት።
አንሶላውን ዘረጋሁ፤ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ አውራ ጣቴን ላክሁት።

ሄደ፣ ሄደ፣ ቆመ።
ስንዝር ሄዶ ደግሞ ቆመ።
እዚህ ላይ ማግ የለም። እዚህም። እዚህም።
በየስንዝሩ አንድ፣ እንደሚያነክስ ሰው ርምጃ።

ይህን አንካሳ አውቀዋለሁ!
አሥራ አራት ቁጥር ማሽን፣ መስኮቱ ሥር፣
ስንት ሜካኒክ ያረጀበት፣ ስንት ጀሪካን ዘይት የጠጣ፣
ስንዝር በሸመነ ቁጥር አንዴ የሚያስነጥስ፤
ስንት ሌሊት ቆሜበታለሁ፣ ሰማያዊ ጠመኔ ስጨርስ!

እዚያ ማዶ ነው የተሸመነው። ጣሪያው ከደጄ ይታያል።
አዲስ አበባ ደርሶ፣ ስሙን ቀይሮ፣ ቱርክ ሆኖ፣
በአውቶቡስ ተመለሰልኝ፤ ትራንስፖርቱን ችዬ፣ ሃምሳ ብር መርቄ።

ለነጃት አልነገርኳትም።
ያነክሳል እንጂ አይቀደድም፤ ጥጥነቱ ጥጥ ነው፤
የተዘለለ ማግ ሙቀት አይከለክልም፣ እንቅልፍም።

ማታ ስልኩ ጠየቀኝ፦ ስንት ኮከብ?
እጄ ኪሴ ገባ፣ ጠመኔ ፍለጋ። የለም።
ሦስት ተጫንኩ።
ባለ ሱቁ ወዲያው፦ «ሰላም ውዴ፣ ምን ጎደለው?»
ይሄም ውዴ!
«ማግ» ብዬ መለስኩ።

«እየጻፈ ነው» ይላል ስልኩ፤
አልፎ አልፎ ይጠፋል፣ ደግሞ «እየጻፈ ነው»፤
የሌሊት ፈረቃ ሊገባ ነው፣ ማዶ መብራቱ በርቷል፤
እስካሁን አልላከም።